ከማጣመራችን በፊት

የተከበራችሁ የእባብ አርቢዎችና የዚህ ስብሰባ ተሳታፊዎች፣

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለ አንድ ዝርያ ብቻ ነው፤ ሲደነግጥ ራሱን መሀል አስገብቶ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለልና በዚሁ ምክንያት «ቦል ፓይተን» ስለተባለው ትንሽ ዘንዶ። የትውልድ አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን የተጫኑት እባቦች ዘር ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቶች ተራብቷል፤ አርቢዎችም ከቡናማው እባብ ነጩን፣ ቢጫውንና ዝንጉርጉሩን አውጥተዋል።

ከእነዚህ መልኮች አንዱ፣ ጥቁር መስመሮቹ እንደ ድር ቀጥነው በወርቃማ ቆዳ ላይ የተዘረጉት «ስፓይደር»፣ በሰው እጅ መራባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ነው። እኔም ከዓመታት በኋላ አንዱን ገና በልጅነቱ ገዛሁ። የመጀመሪያ ዕለት አይጥ በመቆንጠጫ ይዤ ሳቀርብለት አንገቱ ተጠማዘዘ፤ አገጩ ወደ ጣሪያ እስኪዞር ድረስ ተገለበጠ፤ ሲወረወርም አይጡን ስቶ የሣጥኑን መስታወት መታ። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ ሳተ። ሻጩ አስቀድሞ «ጠባዩ ነው፣ ይለምደዋል» ብሎኝ ነበር።

ጠባይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት የእነዚህን እባቦች ራስ በሲቲ (የአካልን ውስጥ በራጅ በሚያሳይ) ምስል መርምሮ፣ ሚዛን የሚጠብቁት የውስጥ ጆሮ ክፍሎች አፈጣጠራቸው የተዛባ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የራስ መንቀጥቀጥና መጠማዘዝ ከአንዱ እባብ ወደ ሌላው ቢበረታም ቢቀንስም፣ ችግሩን ከመልኩ ነጥሎ ማውጣት የቻለ አርቢ ግን የለም። ሁለት ስፓይደሮችን እርስ በርስ ማጣመር ደግሞ የባሰ ነው፤ መልኩን የሚያመጣውን ዘረመል ከሁለቱም ወላጆች የሚወርሱት፣ በስሌት ከአራቱ አንዱ፣ በሕይወት ይፈለፈላሉ ተብለው አይጠበቁም። በብሪታንያ ኢንተርናሽናል ሄርፔቶሎጂካል ሶሳይቲ የተባለው የእባብና የመሰል እንስሳት አርቢዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ መልክ በትርኢቶቹ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ትክክል አድርጓል ብዬ አምናለሁ።

አልቢኖን (ጥቁር ቀለም የሌለውን ነጭና ቢጫ መልክ) የመሰለው ድብቅ ባሕርይ፣ ማለትም ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ በመልክ የማይታየው፣ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። የዘረመሉ ተሸካሚ የሆኑ ሁለት ተራ መልክ ያላቸው ወላጆች ሲጣመሩ፣ ከልጆቻቸው በአማካይ ሩቡ አልቢኖ ይሆናል፤ ተራ መልክ ይዘው ከተፈለፈሉት ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ ዘረመሉን በስውር ይይዛሉ። መልኩን ቶሎ ለማውጣት ልጅን ከወላጅ፣ ወንድምን ከእህት የሚያጣምር አርቢ፣ ቀለሙን ያወጣበት መንገድ የተደበቀውንም ጉድለት እንደሚያወጣ ሊያስብ ይገባዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ እባብ ወላጆች፣ የዙሩ እንቁላል ብዛት፣ ያልተፈለፈሉትና አከርካሪያቸው ጎብጦ የወጡት ጭምር በመዝገብ ይጻፉ። ብዙዎቻችን የምንጽፈው የተሸጡትን ብቻ ነው።

እናቲቱንም እናስብላት። ሦስት ዓመት ሳይሞላትና ክብደቷ 1,500 ግራም አካባቢ ሳይደርስ ለእርባታ ባትቀርብ ይመረጣል፤ በእርግዝናዋ ጊዜ ለወራት ምግብ ልትተው ስለምትችል የምትኖረው ባከማቸችው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት አካባቢ እንቁላል ትጥላለች፤ በማስፈልፈያ ውስጥ በ31 እና በ32 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ከቆዩ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ገዢ የሚፈልገው ቀለም ያልወጣለትም እንዲሁ። ለስድስቱም ቤት ያልታሰበበት ጥንድ ባይጣመር ይሻላል።

ያ ስፓይደር ዛሬም ከእኔ ጋር ነው። እንዳይስት አይጡን ከአፉ አጠገብ አድርጌ እጠብቀዋለሁ፤ ለማዳቀል የጠየቁኝ ነበሩ፣ አልሰጠሁም። የማጣመሪያው ወቅት፣ ቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ ሳይገቡ እናንተም መዝገባችሁን ገልጣችሁ፣ በዚህ ዓመት የማታጣምሯቸውን እባቦች ከነምክንያታቸው እንድትጽፉ እለምናችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።