ጣቴን ባላነሣ ኖሮ

እንደምን ሰነበታችሁ። በዚህ ሳምንት ስለ ሐይቅ ዳክዬዎች ልነግራችሁ ቃል ገብቼ ነበር፤ ዛሬ ግን አልችልም። ስለ ባለ አንድ ዓይናው የሩቅ ማያ መነጽሬ የጠየቃችሁኝም፣ አሁንም አልተጠገነም። የዚህ ሳምንት ጣጣ የመጣው ግን ከእሱ ሳይሆን ከገዛ ጣቴ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ከኮምቦልቻ ወደ ታች፣ ቦርከና ወንዝ ወደ ጨፋ ረግረግ በሚወርድበት በኩል ነበርኩ። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ተከምሯል፤ ከብቶቹ በቃርሚያው ላይ ተለቀዋል፤ በመካከላቸውም 11 ሽመላዎች ረጋ ብለው እየተራመዱ ፌንጣ ይለቅማሉ። ሽመላ ረጅሙን መንገድ ክንፏን እያርገበገበች አትጨርሰውም፤ ምድር ሲሞቅ ሽቅብ የሚነሣውን አየር ተሳፍራ ነው የምትጓዘው። ስለዚህ እስከ ረፋድ ድረስ ከመሬት አትርቅም፣ ማልዶ የደረሰም በቅርብ ያገኛታል። እንዲህ ያለው አየር ባሕር ላይ ስለማይገኝ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የሚነሡት ሜዲትራኒያንን ትተው በቦስፎረስና በሲና ይዞራሉ፤ ከዚያም ዓባይን ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። “በክረምት ምን ወፍ ይታያል?” እያላችሁ ከባሕር ማዶ የምትጽፉልኝ ሆይ፣ የእናንተ ብርድ የእኛ በጋ ነው፤ እዚህ ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ነው።

ከ11ዱ አንዷ ከጉልበቷ በላይ ጥቁር ቀለበት ነበራት፤ ተመራማሪዎች ወፏን ለመለየት የሚያስሩላት፣ ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት ነው። ሽመላ ሙቀት ሲበረታባት ኩሷን በእግሯ ላይ ትለቃለች፤ እርጥበቱ ሲተን ያቀዘቅዛታል፣ ቀዩ እግሯም ኖራ የተቀባ ይመስላል። ቀለበቱንም ያው ኖራ አግኝቶታል። ሁለት ፊደል አነበብኩ። ቀጥሎ ያለው 3 ይሁን 8 ሳይለይልኝ፣ አጠገቤ የቆመውን እረኛ ልጅ ዓይን ልዋስ ብዬ፣ “ማሙሽ፣ ያቺን አየሃት?” አልኩና ጣቴን ቀሰርኩ።

እዚህ ላይ ነው ሌሊት ሌሊት የምመለሰው። ጣቴ ተነሣ። ልጁ ጣቴን አየ፣ ወፏን አየ፣ ከዚያም ወንጭፉን ከትከሻው አወረደ። ሲያወርድ አይቻለሁ። ድንጋዩን ሲያጎርሰውም አይቻለሁ። “ተው” ለማለት በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ ያም ሆኖ ሐሳቤ 3 ነው ወይስ 8 ከሚለው አልወጣም ነበር። ድንጋዩ ሲያፏጭ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ። ሽመላ ስትበር ሁለት እግሮቿን ወደ ኋላ ትዘረጋለች፤ የእሷ ግን አንዱ ወረድ ያለ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው ብዙ ነገር ይመስለዋል።

ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም። ወፍ ሲጠቁሙት መወንጨፍን ያስተማረው ግሪሳ ነው፤ ማሽላው እሸት ሲሆን ማማ ላይ የሚውለው ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ምክር አላጣሁም፤ ሽመላ አንበጣ እንደምትበላ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የወሎን ማሽላ የጨረሰውን መንጋ እያነሣሁ፣ እንደ አስተማሪ ቆሜ አስረዳሁት። እስክጨርስ ታገሠኝና፣ “ወላሂ ጋሼ፣ እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብያቸው ነበር። ታዲያ ለምን ጠቆሙኝ?” አለኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። በ1822 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በመካከለኛው አፍሪካ የተወረወረ ዘንግ በአንገቷ እንደተሰካ ጀርመን የደረሰች ሽመላ ነበረች፤ አስከሬኗ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ሽመላዎች ብርዱን የት እንደሚያሳልፉ ከመሰከሩት መጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች አንዷ እሷ ናት። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እየሳቅሁ አውርቼላችኋለሁ! ዘንጉን የወረወረውን ሰው ሳስብ ግን፣ ከጎኑ ቆሞ ጣቱን የቀሰረ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ምናልባት ነገሩን አጋንኜው ይሆናል። ልጁ እንደሆነ ሲስቅ ነው የተለየኝ።

ደብተሬ ላይ ሁለት ፊደልና አንድ የጥያቄ ምልክት አለ። ቀለበት አየሁ ብሎ ለተመራማሪዎቹ ለሚጽፍ ሰው ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ የወፏ ሁኔታ እንዴት ነበር የሚል ነው። “ደህና ነበረች” ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት፣ መልሼ ጻፍኩት። ነገ ጠዋት፣ ምድሩ ሳይሞቅ፣ ወርጄ እቆጥራቸዋለሁ። 11 ከሆኑ… አዎ። 10 ከሆኑ ግን፣ አንዷ ወደ ደቡብ ቀጥላም ሊሆን ይችላል እኮ፣ መቼም ጊዜው…