አምበሉ በረኛውን መቀየር አይችልም! (የምሁራን ማኅበር አመራሮች ሲጣሉ)

ሰላም ሰላም! ዛሬ የምናወራው ስለ ጠብ ነው። የምሁራን ጠብ። ፕሬዚዳንቱ፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዥዋ፣ የጆርናሉ አዘጋጅ ተኮራርፈዋል። የምሁር ኩርፊያ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሦስት ገጽ ኢሜይል ነው፣ ለሁሉም ኮፒ ተደርጎ።

መፍትሔው ላይ ልገባ ነበር፣ ግን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ፕሬዚዳንቱ አለቃ አይደል እንዴ? ያስቸገረውን ጸሐፊ ለምን አያባርረውም?» አይ፣ አይ፣ አይ። እዚህ ጋ ቆም እንበል።

ፕሬዚዳንት ማለት አምበል ነው። አምበል ምን ያደርጋል? ሳንቲም ሲጣል እሱ ይመርጣል፣ ከዳኛ ጋር እሱ ያወራል፣ ዋንጫ ሲመጣ እሱ ያነሣል። ፎቶውም የሱ ነው። በረኛው ቢያናድደውስ? «ውጣ!» ይለዋል? ይበለው! እጁን እያወናጨፈ ቢጮህም በረኛው ንቅንቅ አይልም። የሚቀይረው አሰልጣኙ ነዋ። አሰልጣኙ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። በአብዛኞቹ ማኅበራት ፕሬዚዳንቱንም ጸሐፊውንም የመረጠው እሱ ነው፣ የሚያወርደውም እሱ። (ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ድምፀ ተዓቅቦ አይቻልም።)

አምበሉ ዳኛም ልሁን ካለ ምን ይመጣል? ኒውተንን ተመልከቱ። እ.አ.አ ከ1703 ጀምሮ የለንደኑ የሳይንቲስቶች ማኅበር፣ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ነው። ካልኩለስ የሚባለውን የሒሳብ ዘርፍ ማን ቀድሞ ፈጠረ በሚል ከጀርመናዊው ሊቅ ከላይብኒዝ ጋር ተጣላ። ላይብኒዝም የዚያው ማኅበር አባል ነበር፣ አቤት አለ። በ1712 ኮሚቴ ተቋቋመ። ሪፖርቱን የጻፈው ማነው? ራሱ ኒውተን! ላይብኒዝን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው የለም። ይባስ ብሎ ኒውተን ስሙን ደብቆ ስለዚያው ሪፖርት ግምገማ ጻፈ፣ በማኅበሩ በራሱ ጆርናል ላይ። ሊቅነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

እሺ፣ መፍትሔው፣ ቶሎ ቶሎ ልበለው። ጉዳዩ የሚነካው ሰው ከሰብሳቢነት ይነሣ፣ ምክትሉ ይምራ። ቅሬታው በጽሑፍ አጀንዳ ይያዝለት። ምልዓተ ጉባኤው ይሟላ፣ ድምፅ ይሰጥ። ካልተፈታ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ።

ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ተጠንቀቁ። «የጦፈ ክርክር ተደረገ» ምን ያደርጋል? «ጆርናሉ በዓመት አራት ጊዜ እንዲወጣ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ፤ ገንዘብ ያዥዋ በበጀት ምክንያት ተቃውመዋል» ብላችሁ ጻፉ። በቃ። ገንዘብ ያዥዋም ተቃውሞዋ ስለተመዘገበ ነገ በኢሜይል አትከራከርም።

እና እባካችሁ፣ ከስብሰባ በኋላ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሁለተኛ ስብሰባ አትክፈቱ። ቅር ያለው አጀንዳ አስይዞ በሚቀጥለው ይምጣ።