ኢዛና ለማን ነበር የሚጽፈው?

እንደምን አመሻችሁ። የቱሉ ዲምቱ ሰው ቅዳሜ ማታ ኮሚናል ውስጥ ተሰብስቦ የአክሱም ድንጋይ ወሬ ይሰማል ብሎ ማን ያስባል? ለማንኛውም መብራቱ ሳይሄድ ቶሎ ልግባበት።

ነገሩ ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ የተጻጻፍነው ነው። እሱ ውጭ አገር ጥንታዊ ግሪክኛ ያጠናል። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ግዕዝ አነባለሁ፣ የግሪክን ፊደል ግን ገና መለየቴ ነው። ዛሬም «ጋሼ» እያለ ይጽፍልኛል፤ ሲያርመኝ ግን አይምረኝም።

የጀመርነው በአንድ ቃል ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ቤጃ የሚባሉትን የሰሜን ሰዎች ያሸነፈበትን ዘመቻ ድንጋይ ላይ በግዕዝም በግሪክኛም አስቀርጿል። ግዕዙ ንጉሡን የማሕረም፣ የአክሱሞች የጥንት አምላክ፣ ልጅ ይለዋል፣ ግሪክኛው የአሬስ ልጅ። አሬስ እኮ የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው፣ አክሱም ምን ሊሠራ መጣ? ብዬ ጠየቅኩት። «አልመጣም ጋሼ፣ ግሪክኛ የሚያነብ ነጋዴ ማሕረምን ከየት ያውቀዋል? የሚያውቀውን ስም ሰጡት» አለኝ። አላመንኩትም ነበር።

ለማጣራት ብዬ ጽሑፉን ሳነብ እዚያው ቀረሁ። ስድስት የቤጃ ነገሥታት ከነሕዝባቸው፣ 4,400 ሰው፣ ተነስተው ወደ ሌላ አገር ይሰፍራሉ። ኢዛና ለስድስቱ 25,140 ከብት ሰጠ ይላል። ለእያንዳንዱ 4,190 መሆኑ ነው፤ እኔ በካልኩሌተር አካፈልኩት፣ ልክ ነው። ያኔ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ነበራቸው ማለት ነው፣ የእኛ ዕድር ይስማ! ለአምላኩም ምስጋና አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስል አቆመ። ምስሎቹ ዛሬ የሉም። እ.ኤ.አ. በ1906 አክሱም የመጡት ጀርመኖች ግን የአንድ ትልቅ ምስል መቆሚያ አግኝተዋል፣ የእግሩ ማስገቢያ ብቻ 92 ሳንቲ ሜትር ነው።

ጠባችን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢዛና ሃይማኖቱን ከቀየረ በኋላ በሱዳን በኩል የነበሩትን የኖባ ሰዎች ወግቶ ያንኑ ዘመቻ በሁለቱም ቋንቋ ጻፈ። ግዕዙ «እግዚአ ሰማይ» ይላል እንጂ ክርስቶስን በስሙ አይጠራም። እ.ኤ.አ. በ1969 የተገኘው ግሪክኛ ግን አብን፣ ወልድን፣ መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። ተማሪዬ «አያችሁ፣ ያው የአሬስ ዘዴ ነው፤ ለአገር ሰው ለስለስ ያለ፣ ለውጭ ሰው ግልጽ» አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። ንጉሡ ሁለት ምላስ ነበረው እያልክ ነው? ብዬ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ።

እሱ የመለሰልኝ በሌላ ደብዳቤ ነው። በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ጽፎ ነበር። ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማን፣ ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ፣ ጊዮርጊስ የሚባለው ጳጳስ ይመርምረው ነው የሚለው። ፍሬምናጦስን የሾመው የቀድሞው የእስክንድርያ ጳጳስ አትናቴዎስ ነበራ፣ ቆስጠንጢዮስ ደግሞ አትናቴዎስን አባሮታል። ደብዳቤው የተረፈውም አትናቴዎስ ራሱን ሲከላከል መጽሐፉ ውስጥ ስለገለበጠው ነው። የኢዛና መልስ ግን አልተገኘም። «እንዲህ ያለ ንጉሥ ከላይ ሆኖ ሲያይህ በግሪክኛ የምትጽፈውን ቃል ቃል ትመዝናለህ ጋሼ» አለኝ። እዚህ ላይ ዝም አሰኝቶኛል።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ነገር ላክሁለት። ከኢዛና ትንሽ ቆይቶ የተመታ የመዳብ ሳንቲም አለ፣ መሐሉ መስቀል፣ ዙሪያው በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል። የወርቁ ሳንቲም ለውጭ ንግድ ነው እንበል። መዳቡ ግን ገበያ ውስጥ በአገር ሰው እጅ የሚዞር ነው። ታዲያ ለአገር ሰው መስቀሉን የሚደብቁት ከሆነ እዚያ ላይ ምን ይሠራል? ብዬዋለሁ።

እስከ ዛሬ አልመለሰም። ስልኬን በየሰዓቱ ከፍቼ አያለሁ።