«አካውንታችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ። አብዛኞቻችሁ አስመጪና ላኪ ናችሁ፣ የሒሳብ ባለሙያዎችም እዚህ አላችሁ፣ ስለዚህ ሃከር ሲባል ፊልም ላይ የምናየውን ነገር ዛሬ ተዉት፣ እናንተን የሚያከስራችሁ አንድ ተራ ኢሜይል ነው።

እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ። ቻይና ካለ ሰፕላየር ጋር ለወራት ስትጻጻፉ ከርማችኋል፣ ፕሮፎርማው መጥቷል፣ በዋጋ ተስማምታችኋል፣ በቲቲ፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በሚላክ ሐዋላ፣ ልትከፍሉ ነው። እዚህ መሃል አንዱ የእናንተን ወይ የሰፕላየሩን ፓስወርድ አግኝቶ እያንዳንዷን ኢሜይል ቁጭ ብሎ ያነባል። ምንም አይነካም፣ ይጠብቃል። ልክ ክፍያው ሊወጣ ሲል «ኦዲት ላይ ስለሆንን የድሮው አካውንት ለጊዜው አይሰራም፣ በዚህኛው ላኩልን» ብሎ ይጽፋል። ማህተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ የቀድሞ ደብዳቤያችሁ በሙሉ ከስሩ አለ፣ የላኪው አድራሻ ላይ ብቻ ኤም መሆን የነበረባት ፊደል አር እና ኤን ተጠጋግተው ተጽፈዋል፣ ይሄንን በስልክ ስክሪን ላይ ማን ያያል? የምትነቁት ሰፕላየሩ «ክፍያው ምን ደረሰ» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ያን ዶላር ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናችሁ ደግሞ ለእናንተ አልነግርም።

ትልልቆቹም ተበልተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 አንድ የሊትዌኒያ ሰው በታይዋኑ የኮምፒውተር አምራች በኳንታ ስም ድርጅት አቋቁሞ፣ የውሸት ኢንቮይስ እየላከ ከጉግልና ከፌስቡክ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል። ሲስተም ሰብሮ አልነበረም፣ ሒሳብ ክፍሉ የሚያውቀውን ሰፕላየር ስም ይዞ መጣ፣ ተከፈለው።

መፍትሔው ዋጋ የለውም፣ ስልክ መደወል ነው። አካውንት ተቀየረ ከተባለ ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ከድሮ ጀምሮ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ ሰውየውን በድምፁ ማረጋገጥ። ግን እኛ ጋ ይሄ የማይሰራበት ምክንያት አለ፣ እሱን ልናገር ነው የመጣሁት። ባለቤቱ ዱባይ ሆኖ «አሁኑኑ ላኪ!» ብሎ ከጻፈ የሒሳብ ሠራተኛዋ አትጠይቅም፣ ትፈራለች፣ ሌባውም ይሄን በደንብ ያውቃል፣ በእናንተ ስም የሚጽፈው ለዚህ ነው። እባካችሁ፣ «ጋሼ፣ አንዴ ልደውልና ላረጋግጥ» ስትላችሁ አትቆጧት። እንዲያውም ሳትደውል ከከፈለች ጠይቋት። ይሄ የአይቲ ልጆች ሥራ አይደለም፣ የእናንተ የባለቤቶቹ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፋይል የሚቆልፈው ቫይረስ ነው፣ ራንሰምዌር የሚሉት። ብዙ ቢሮ ውስጥ ዊንዶውሱም የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪውም በፍላሽ የመጣ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ኮፒ ነው፣ ክራኩ ሲጫን ደግሞ መጀመሪያ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል፣ እኛም እናጠፋለን! የብዙ ዓመት ሒሳብ ያለው እዛው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ባክአፑም ሁሌ ተሰክቶ የሚውል ሃርድ ዲስክ ነው፣ ስለዚህ ቫይረሱ ሲመጣ ሁለቱንም አብሮ ይቆልፋል። ኮንቴይነር ላይ ስሙን የምታዩት ሜርስክ እ.ኤ.አ. ጁን 2017 የገጠመው ተመሳሳይ ነበር። ኖትፔትያ የሚባለው ቫይረስ የመጣው ዩክሬን ውስጥ በሚሠራበት የሒሳብ ሶፍትዌር አፕዴት ተሳፍሮ ነው፣ ከዛ የድርጅቱን ኔትወርክ በየአገሩ ጠራረገው። 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ጫኑ፣ ኪሳራው እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ኔትወርኩን መልሶ ለማቆም ያስፈለጋቸው ዋናው መረጃ በየቦታው ኮፒ ነበረው፣ ግን ሁሉም ኮፒ ኔትወርክ ላይ ስለነበር አብሮ ጠፋ፣ የተረፈው ጋና ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ ለምን ቢባል ያኔ ጋና መብራት ጠፍቶ ነበር። እኛ መብራት እስኪጠፋልን አንጠብቅ፣ በየሳምንቱ ኮፒ አድርጉና ዲስኩን ንቀሉት፣ ሌላ ቤት አስቀምጡት፣ አልፎ አልፎም በትክክል እንደሚከፈት ሞክሩት።

አዲስ ሰርቨር ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ ለሶፍትዌሩ ላይሰንስ ክፈሉ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉን ስላቆመ ለመቀየር አስቡበት። ኢሜይላችሁም ቴሌግራማችሁም ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ከፓስወርዱ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን፣ አብሩ፣ በስልክ የመጣላችሁን ኮድ ለማንም አታንብቡ፣ ሠራተኛ ሲለቅ ፓስወርዱን የዛኑ ቀን ቀይሩ።

ገንዘቡ ከወጣስ? ማፈሩን ተዉትና በዛችው ሰዓት ባንካችሁ ጋ ደውሉ፣ ተቀባዩ ባንክ እንዲያግድ ቶሎ መልእክት ይላክ፣ ሰዓት በሄደ ቁጥር ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ለፖሊስና ለኢንሳም፣ ለመንግሥት የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ አመልክቱ። ፓስወርድ መቀየር ብቻ ደግሞ አይበቃም፣ ሌባው ሲገባ የሚመጣላችሁ ኢሜይል በሙሉ ለሱም ፎርዋርድ እንዲሆን አድርጎ ሊወጣ ይችላል፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁት አድራሻ ካለ አጥፉት። ስልካችሁን ከያዛችሁ አሁኑኑ አብረን ማየት እንችላለን፣ ማን ይጀምር?