እሑድ የሌለው ሥራ፦ ሆስቲንግና ዶሜይን መሸጥ

ሩት፦ ጀመርን? እሺ። ናሆም ዛሬም ስቱዲዮ የገባው ስልክ እያወራ ነው። ማን ነው?

ናሆም፦ ደንበኛ። «ኢሜይል አይገባልኝም» ይላሉ። በእሑድ ጠዋት! ሆስቲንግ ልጀምር፣ የሰው ዌብሳይትና ኢሜይል የሚቀመጥበትን ቦታ ላከራይ የሚል ሰው እሑድ እንደሌለው ከአሁኑ ይወቀው።

ሩት፦ እኔ እኮ ቤትህ ውስጥ የሚጮህ ማሽን ያለ ይመስለኝ ነበር።

ናሆም፦ እናቴም እንደዚያ ነው የሚመስላት። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ ነው። ሰርቨሩ፣ ዌብሳይቶቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር፣ ጀርመን ነው፤ ተከራይቼ አከራያለሁ። ሪሴለር ይሉታል። ግቢ ተከራይቶ ክፍል ክፍሉን እንደሚያከራይ ሰው ቁጠሪኝ።

ሩት፦ ዶሜይኑስ፣ የዌብሳይቱ ስም?

ናሆም፦ እሱም ያው ነው። ዶት ኮምን የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ከሱ በቀጥታ ለመግዛት አይካን የሚባለው፣ የዓለምን የዶሜይን ስሞች የሚያስተባብረው ድርጅት እውቅና የሰጠሽ ሬጂስትራር፣ ማለትም ዶሜይን መዝጋቢ፣ መሆን አለብሽ። ማመልከቻው ብቻ 3,500 ዶላር ነው፤ ባይቀበሉሽም አይመለስም። ከዚያ ዓመታዊው 4,000 ዶላር። ስለዚህ ጀማሪ አንዱ ሬጂስትራር ሥር ገብቶ ይሸጣል።

ሩት፦ ትርፉስ?

ናሆም፦ ከዶሜይን? የማኪያቶ። ግን ዶሜይን ከኔ የገዛ ሰው ሆስቲንጉንም ከኔው ይወስዳል። እንጀራዬ ያለው እዚያ ነው።

ሩት፦ የምትከፍለው በዶላር፣ የምትሰበስበው በብር።

ናሆም፦ ኧረ አታንሺብኝ! ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ደንበኞቼ የዓመቱን በብር ከፍለውኝ ጨርሰዋል። እኔ ያኔ በየወሩ በዶላር እከፍል ነበር። ለአንዳንዶቹ ገና ስምንት ወር ይቀራቸው ነበር።

ሩት፦ ጨምሩ አላልካቸውም?

ናሆም፦ በምን አፌ? ዋጥኩት። ከዚያ ወዲህ ግን የአንድ ደንበኛ ብር ሲገባ የሱን የዓመት የዶላር ወጪ ቀድሜ እከፍላለሁ። ቀሪው ነው የኔ። ገንዘቡን አንድ ላይ ደባልቆ ትርፍ የሚመስለው ሰው ይሄ ሥራ ጉድ ይሠራዋል።

ሩት፦ እኔ ደግሞ የአክስቴን ላንሳ። ሐዋሳ ትንሽ ገስት ሃውስ አላት። ዌብሳይቱን የሠራላት ልጅ ዶሜይኑን በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው። ከዚያ ልጁ ዱባይ ገባ፣ ዶሜይኑንም ሳያድሰው ቀረ። አንድ ቀን ዌብሳይቷን ብትከፍት ቁማር!

ናሆም፦ የሚያናድደኝ ምን መሰለሽ? ዶሜይን እኮ ጊዜው ስላለፈ በማግሥቱ አይወሰድም። ዶት ኮም ከሆነ ሬጂስትራሩ እስከ 45 ቀን ሊታገስ ይችላል። ከተሰረዘም በኋላ 30 ቀን አለ፤ እዚያ ላይ ግን የማስመለሻው ክፍያ ይከብዳል። ከዚያ 5 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ የቀደመ ይወስደዋል። ያን ሁሉ ቀን አንድ ሰው አልደወለላትም!

ሩት፦ ማስታወሻው የሚሄደው ወደ ልጁ ኢሜይል ነዋ።

ናሆም፦ እኔ በደንበኛው ስም ነው የማስመዘግበው። ወር ሲቀረው በቴሌግራም እጽፋለሁ፣ ሳምንት ሲቀረው እደውላለሁ። እዚህ አገር ኢሜይል ማን ያያል? ጥሎኝ ሊሄድ የፈለገም ዶሜይኑን ወደ ሌላ ሻጭ የማዘዋወሪያ ኮዱን ያገኛል። ኮድ ደብቆ ደንበኛ ማስቀረት ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሩት፦ እሺ፣ ጀርመን ያለው ሰርቨር ቢቃጠልስ?

ናሆም፦ ቀልድ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የሚባለው የሆስቲንግ ኩባንያ አንድ የዳታ ሴንተር፣ ማለትም የሰርቨር ማቆያ፣ ሕንፃ ተቃጥሏል። ባክአፓቸው፣ መጠባበቂያ ቅጂያቸው፣ እዚያው ግቢ የነበረባቸው ሰዎች ሁለቱንም አጡ። ያን ቀን ነው ባክአፔን ሌላ ኩባንያ ጋ፣ ሌላ አገር ያዞርኩት። በወር ትንሽ ነው የሚያስወጣኝ።

ሩት፦ በየቀኑ ነው የምትወስደው?

ናሆም፦ በየሌሊቱ። በየወሩ ደግሞ አንዱን አውጥቼ ይነሳ እንደሆን እሞክራለሁ። ሞክረሽ ያላየሽው ባክአፕ…

ሩት፦ ስልክህ እየበራ ነው።

ናሆም፦ የቅድሙ ደንበኛ ናቸው። ሳጥናቸው ሞልቶ ነው እኮ፤ ከ2012 ጀምሮ አንድም ኢሜይል አጥፍተው አያውቁም። አንዴ ይቅርታ… ሄሎ፣ አቤት ጋሼ!