ጆንያው ይቀየር እንጂ ቡናው አይነካ፦ ባለ 6 ቻናል ድምፅ ያለውን ፊልም ለፕሌይስቴሽን ማዘጋጀት

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ አንድ ፍላሽ፣ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 3፣ ከጀርባው የተንጠለጠለ ቀይና ነጭ ገመድ]

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ የሚኖሩ አንድ ጎረቤታችን ፍላሻቸውን በመሀረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። ልጃቸው ባለ 5 ስፒከርና ባለ አንድ ባስ የድምፅ መሣሪያ ገዝቶላቸዋል። እሳቸውም ዘጠኝ ፊልም አስጭነዋል።

«ልጄ፣ ከኋላ የተሰቀሉት ሁለቱ ስፒከሮች ለጌጥ ናቸው እንዴ? አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እስኪ ልየው» አልኩና ፍላሹን ኮምፒውተሬ ላይ ሰካሁት።

ስፒከሮቹ ጤነኛ ነበሩ። የጫነላቸው ሱቅ ፕሌይስቴሽኑ ፊልሙን እንዲቀበለው ብሎ ኤምኬቪውን ወደ ኤምፒ4 ቀይሮታል። ሲቀይረው ስድስቱ ቻናል ሁለት ሆነ። ብዙ ቤት ውስጥ ይኸው ነው የሚደርሰው፤ ሰውም መሣሪያውን ይወቅሳል።

ጅማ ላይ ሆነን በሌላ ነገር ከማስረዳ በቡና ላስረዳ።

[ምስል፦ አፉ የተሰፋ ጆንያ፣ ከጎኑ የተከፈተ ባዶ ጆንያ]

የፊልም ፋይል ጆንያ ነው። ኤምኬቪ፣ ኤምፒ4፣ ኤም2ቲኤስ የምንላቸው የጆንያ ዓይነቶች ናቸው። ቡናው ውስጥ ነው ያለው፦ ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ኤች 264 በሚባለው መንገድ ተጨምቆ፣ ድምፁ ደግሞ ኤሲ3 (ዶልቢ ዲጂታል የሚባለው)፣ ዲቲኤስ ወይም ኤኤሲ ሆኖ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 3 ኤምኬቪ የተባለውን ጆንያ መፍታት አያውቅም። ውስጡ ያለውን ቡና ግን ብዙ ጊዜ አሳምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ ሥራው ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው መገልበጥ ብቻ ነው። ሱቁ ያደረገው ግን ቡናውን ቆልቶና ፈጭቶ ማስረከብ ነው።

ስድስት ቻናል ማለት ከፊት ግራ፣ መሀልና ቀኝ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ፣ ስድስተኛው ለባስ ብቻ ነው። የተዋንያኑ ንግግር በአብዛኛው በመሀለኛው ይመጣል። ይህ ሁሉ ወደ ሁለት ሲወርድ ንግግሩ ከሙዚቃውና ከፍንዳታው ጋር ይቀላቀላል። የሊሙን፣ የጎማንና የጌራን ቡና አንድ ላይ ፈጭታችሁ ስታበቁ መልሳችሁ ለዩ ብትባሉ ከየት ታመጡታላችሁ? ሁለት የሆነውን ፋይል «ባለ 6 ቻናል» ብሎ እንደገና መቀየርም እንደዚያው ነው። ቁጥሩ ይጻፋል፣ ድምፁ አይመለስም።

ስለዚህ መጀመሪያ እዩ። ፊልሙን በቪኤልሲ ክፈቱና ከመሣሪያዎች ዝርዝር ስለ ኮዴክ መረጃ የሚለውን ተጫኑ። የድምፁ መስመር ላይ 3ኤፍ2አር/ኤልኤፍኢ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ሦስት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ለባስ ማለት ነው። ስቴሪዮ የሚል ከሆነ ነገሩ አብቅቷል፣ ዋናውን ፋይል ፈልጉ።

ከጋሼ ዘጠኝ ፊልሞች የአንዱ ዋና ኤምኬቪ ልጃቸው ላፕቶፕ ላይ ተገኘ። ምስሉ ኤች 264፣ ድምፁ ኤሲ3። በእሱ እንሥራ።

[ምስል፦ የኮምፒውተር ስክሪን፣ ቲኤስማክሰር ተከፍቷል]

ቲኤስማክሰር ነፃ ፕሮግራም ነው። ፋይሉን ጨምሩበት፤ ምስሉና ድምፁ በየመስመራቸው ይዘረዘራሉ። የማትፈልጉትን የሌላ ቋንቋ ድምፅ ምልክቱን አንሱ። ውጤቱ ኤም2ቲኤስ እንዲሆን ምረጡና አስጀምሩት። ፕሮግራሙ ምንም አይጨምቅም፣ ይገለብጣል እንጂ። በደቂቃዎች ያልቃል። ክረምት ላይ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ማታ ለሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እንደ አዲስ የሚጨምቅ ፕሮግራም ባረጀ ላፕቶፕ ላይ ሰዓታት ይፈጃል፣ መሀል ላይ መብራት ከሄደም ከዜሮ ይጀመራል።

ለምን ኤምፒ4 አላደረግነውም? ፕሌይስቴሽን 3 በኤምፒ4 ውስጥ የሚጠብቀው ድምፅ ኤኤሲ ነው። ኤሲ3ን ከኤች 264 ጋር ለማቆየት የሚመቸው ጆንያ ኤም2ቲኤስ ነው።

ድምፁ ዲቲኤስ ሆኖ ከተገኘ ድምፁን ብቻ መቀየር ይሻላል። አቪዲመክስ የሚባለው ፕሮግራም ላይ ምስሉን «ኮፒ» በሚለው ተዉት፣ ድምፁን ኤሲ3 አድርጉ፣ መጠኑን በሰከንድ 640 ኪሎቢት ስጡት። የኤሲ3 ጣሪያ ይኸው ነው፤ ዲቪዲ ላይ የሚፈቀደው 448 ብቻ ነበር። ኤምኬቪ አድርጋችሁ አስቀምጡና ወደ ቲኤስማክሰር ውሰዱት።

ፕሌይስቴሽን 4 ያላችሁ እፎይ በሉ። ኤምኬቪን ራሱን ይፈታል፣ ኤሲ3ንም ይቀበላል። ዲቲኤስ ግን ከፍላሽ በሚያጫውታቸው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ኤች 265 በሚባለው ሌላ መንገድ የተጨመቀ ምስልም የለም። ችግሩ ዲቲኤስ ብቻ ከሆነ ከላይ እንዳልኩት በአቪዲመክስ ድምፁን ብቻ መቀየር ይበቃል። ምስሉ ኤች 265 ከሆነ ግን እንደ አዲስ መጨመቅ አለበት፤ ለዚህ ሃንድብሬክ የሚባለውን ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል። ምስሉን ኤች 264 አድርጉ። ድምፁ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ሃንድብሬክ ካልነገራችሁት ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ቻናል ኤኤሲ ይሰጣችኋል። የጋሼ ፊልሞች የተበላሹት በእንዲህ ያለ ዝምታ ይመስለኛል። የድምፁን ገጽ ክፈቱ፤ ዋናው ኤሲ3 ከሆነ ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ምረጡ፣ ዲቲኤስ ከሆነ ኤሲ3፣ 5.1 ቻናል፣ 640።

ወደ ፍላሹ። ፕሌይስቴሽን 3 የሚያነበው ፎርማቱ (ፋይል የሚቀመጥበት አደረጃጀት) ፋት32 የሆነ ፍላሽ ነው። ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፊልሙ ከዚያ ካለፈ ቲኤስማክሰር ራሱ በመጠን ይቆራርጥላችኋል። ፕሌይስቴሽን 4 ኤክስፋት የተባለውን ፎርማትም ስለሚያነብ ይህ ጣጣ የለበትም።

[ምስል፦ ቀይና ነጩ ገመድ ሲነቀል፣ ከዚያ የኦፕቲካል ገመድ ጫፍ በቅርበት]

ፋይሉን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ፤ የኋላዎቹ አሁንም ዝም። ጎንበስ ብዬ ከጀርባ ሳይ የተሰካው ይህ ቀይና ነጭ ገመድ ነው። አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ሁለት ቻናል ብቻ በሚያሳልፍ ገመድ ስድስት አይመጣም። የኦፕቲካል ገመዱ ከነፕላስቲኩ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አውጥቼ ስሰካው እንቢ አለ። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታክል፣ መስታወት የመሰለች ክዳን አለች፤ እሷን ንቀሉ። ሌላኛው ጫፍ በተሰካ ጊዜ ቀይ ብርሃን ሲወጣ ታያላችሁ።

ኦፕቲካል ገመድ ስድስት ቻናል የሚያሳልፈው እንደ ኤሲ3 ወይም ዲቲኤስ የተጨመቀ ሲሆን ነው። ኤኤሲ ስድስት ቻናል ቢኖረው እንኳ ፕሌይስቴሽኑ ፈትቶ ሲልከው በኦፕቲካል ሁለት ሆኖ ይደርሳል። ለእሱ ኤችዲኤምአይ ያስፈልጋል። ኤሲ3ን አጥብቄ የያዝኩት ለዚህ ነው። ቀጥሎ በፕሌይስቴሽኑ የድምፅ ቅንብር ውስጥ መውጫውን ኦፕቲካል አድርጉና ዶልቢ ዲጂታል 5.1 የሚለውን ምልክት አድርጉበት።

ጆሯችሁን ብቻ አትመኑ። አንዳንድ መሣሪያ ሁለቱን ቻናል ለስድስት አከፋፍሎ የኋላዎቹንም ያስጮኻል። የመሣሪያውን ፊት አንብቡ። ፕሮ ሎጂክ የሚል ከሆነ የማከፋፈል ሥራ ነው። ዶልቢ ዲጂታል የሚል ከሆነ እውነተኛው ደርሷል።

የጋሼ መሣሪያ ላይ ዶልቢ ዲጂታል ሲበራ ተነሥተው የኋላኛውን ስፒከር ጆሯቸውን አስጠግተው አደመጡት። ከፊት ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ፤ ከኋላ ንግግር የለም፣ የገበያ ጫጫታ ብቻ ነው።

«ለካ ይኼ ሁሉ ሰው ነበር» አሉ።

ስምንቱ ፊልሞች ግን እንደተፈጩ ቀርተዋል። ስማቸውን በወረቀት ጽፈው፣ ዋናውን ከነኤምኬቪው እንዲሰጧቸውና ማንም እንዳይነካው ሊያስጠነቅቁ በማግስቱ ወደ ሱቁ ሄዱ።