«አሁን ይመችዎታል?»

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ ውድ የሽያጭ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

ስለ ኮልድ ኮል እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ለማናውቀው ሰው ደውሎ ስለ መሸጥ። ግማሾቻችሁ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጣችሁ ደውላችኋል። ስልክ ጆሯችን ላይ ሲዘጋ አብረን ሰምተናል። ስለዚህ ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የውሃ ፓምፕ እሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ ነሐሴ ላይ ለአንድ የፎገራ ገበሬ ደወልኩ። «ሄሎ» ከማለታቸው ወረቀቴን ማንበብ ጀመርኩ። የፈረስ ጉልበቱን፣ ነዳጅ ቆጣቢነቱን፣ ዋስትናውን አወረድኩት። ከኋላቸው ከብት ይጮኻል፣ ሰው ይጣራል። ገበያ ያሉ መስሎኛል። ስጨርስ ትንሽ ዝም አሉ።

«ልጄ፣ ርብ ሞልቶ ውሃው ቤቴ ገብቷል። ከብት እያወጣን ነው። አንቺ ደግሞ የውሃ መሳቢያ ትሸጭልኛለሽ?»

ስልኩን አልዘጉብኝም። አፍሬ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራን እንደሚያጥለቀልቁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። የያዝኩት ወረቀት ግን አያውቅም ነበር።

ኅዳር ላይ መልሼ ደወልኩ። «አባቴ፣ ያኔ በጎርፉ መሃል የደወልኩት ነኝ፤ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው። አሁን ይመችዎታል?» ሳቁ። ሩዙ እየታጨደ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ሽንኩርት እንደሚተክሉ ነገሩኝ። ውሃውን ከየት እንደሚያመጡ ጠየቅኳቸው። ሃያ ደቂቃ እሳቸው አወሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ፓምፕ ነበራቸውና አልገዙኝም። ግን ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስፈቅደው ቁጥራቸውን ሰጡኝ። አንደኛው ገዛ።

አሁን ለአለቆች የምለው አለኝ። ግድግዳ ላይ «በቀን 80 ጥሪ» ብላችሁ የምትለጥፉ፣ ተው! ልጆቹን ወረቀት አንባቢ ያደረጋቸው ይሄ ቆጠራ ነው። ስንት ሰው ጋ ደወልክ አትበሉት። ሰውዬው ችግሬ ምንድን ነው አለህ በሉት! «እምቢ ቢልህም አትልቀቀው» ትላላችሁ። እምቢ ያለ ሰው እምቢ ብሏል! ነገ እኮ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ታክሲ ውስጥ ጎናችን የሚቀመጠው እሱ ነው።

«ቁጥሬን ከየት አገኘሽው?» ስትባሉም እውነቱን ተናገሩ። «ከሲስተም ነው» ብሎ መሸወድ ነውር ነው። በ2016 የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 1321። ከየትም የተለቃቀመ የስልክ ዝርዝር ይዛችሁ ልጆቹን አታስደውሉ!

ሌላው ቀላል ነው። ስማችሁን፣ ከየት እንደሆናችሁና ለምን እንደደወላችሁ ባጭሩ ተናገሩ። ቅዳሜ ገበያ ሲደራ፣ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ነጋዴ አታስጨንቁ። «ውድ ነው» ሲሏችሁ ዋጋ ከመቀነሳችሁ በፊት ከምን ጋር እንዳወዳደሩት ጠይቁ። «ሌላ ጊዜ» ካሏችሁ ቀንና ሰዓት ያዙ፤ በሰዓቱም ደውሉ።

ከምሳ በኋላ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ትለማመዳላችሁ። የተሰጣችሁን ወረቀት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ውጡ። አመሰግናለሁ።